ቀዩ ነጥብ ዳቦ ቤት ደርሶ ሲመለስ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 11

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ሲበርድ የሚነሳብህ የጀርባ ሕመም ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል እንጂ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ለዚያውም ከአምናው በተሻለ።

ደብዳቤ ሲደርስህ እንደምትገረም አውቃለሁ። "እማ ምን ነክቷት ነው፣ ስልክ እያለ" ማለትህ አይቀርም። በስልክ ሳወራህ ግን ነገሬን ሳልጀምረው ትቆጣለህ፣ ስትቆጣ ደግሞ የምለው ይጠፋብኛል። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም። ስለዚህ ሥራህን ጨርሰህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። መሃል ላይ አቁመህ እንዳትደውል፤ ብትደውልም አላነሳም። የምጽፍልህ ስለ መኪናው ነው፣ ስለ ሚስትህም ነው። ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በለኝ።

መኪናውን ገዝተህ ደጃችን ያቆምክበት ቀን ትዝ ይልሃል? ከሥራ ቦታህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት የመጣህ ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እየዞረ አየው። "ከእንግዲህ ሚስቴና እናቴ በእግራቸው አይንከራተቱም" አልክ፣ እኔም ኩራት አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ረጋ ብዬ ሳስበው ግን የት ነበር የምንንከራተተው? ዳቦ ቤቱ ከደጃችን ሆኜ ብጣራ ይሰማኛል። ከጎኑ መድኃኒት ቤቱ፣ ፊት ለፊቱ አትክልት ሻጯ፣ ዝቅ ብሎ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ መነጽር የምንላት ልብስ ሰፊ አለች። አንዱን መነጽር ዓይኗ ላይ ሌላውን አናቷ ላይ አድርጋ ሦስተኛውን ስትፈልግ የምትውለዋን ማለቴ ነው። ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ናቸው። ለዚህ መንገድ መኪና ማስነሳት ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን በታክሲ እንደመሄድ ነው።

አንተ ግን የእኔ ሚስት ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላ መንገድ ለመንገድ አትታይም አልክ። እሺ አለችህ። መንዳት ተማረች፣ አልዋሽህም፣ ደስ ብሏት ነበር። መስታወቱን በየጠዋቱ ትወለውለው ነበር። ከዚያ አንተ ወደ ሥራህ ተመለስክ፣ ስልኩም መደወል ጀመረ።

መጀመሪያ ናፍቆት መሰለኝ። ትዳር አዲስ ሲሆን እንዲህ ነው ብዬ ለራሴ እስቅ ነበር። ኋላ ላይ ግን ነገሩ አላምር አለኝ። መኪናዋን አቁማ ሞተር ሳታጠፋ ስልኳ ይጮሃል። መድኃኒት ቤት እሄዳለሁ ብለሽ አልነበር ወይ፣ አትክልት ሻጯ ጋ ምን አቆመሽ ትላታለህ። ዳቦ ቤት ከሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ ትንሽ ብትዘገይ፣ ከማን ጋር ነው ያወራሽው ትላታለህ። ይህ ልጅ ጠንቋይ መቀለብ ጀመረ እንዴ ብዬ ነበር። በመጨረሻ ራስህ ነገርከኝ። መኪናው ውስጥ የተገጠመ ነገር አለ፣ ስልኬ ላይ እንደ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታየኛል፣ የትም ብትሄድ አታመልጠኝም አልክና ሳቅክ። እሷ ያን ጊዜ አጠገቤ ቆማ ሳህን ታደርቅ ነበር። ሰምታሃለች።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ደጅ እያቆመች በእግሯ መሄድ ጀመረች። ስልኳንም አልጋዋ ላይ ትታው ትወጣለች። ነጥቡ ቤት ነው፣ እሷ መንገድ ላይ ናት። አንድ ቀን ደውለህ የት ናት ስትለኝ ልብስ እያሰጣች ነው አልኩህ። እውነቱን ለመናገር የት እንዳለች እኔም አላውቅም ነበር። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ክር እንደሚገዛ ሰው ወረድኩ። መነጽር ሱቅ በር ላይ ስደርስ በመስታወቱ አየኋት፤ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጣ ትሰፋለች። አንተ አስትተሃት እንጂ ሙያዋ እኮ ነው። መነጽር ምን እንዳለቻት እንጃ፣ ብቻ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ሳቋን ከሠርጋችሁ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አልገባሁም። ዳቦዬን ገዝቼ ተመለስኩ። ማታ፣ ነገ ስትሄጂ ነጭ ክር ይዘሽልኝ ነይ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ በኋላ ተግባባን።

አብረን መውረድ ጀመርን። ለካ መኪና ውስጥ ሆነን ስናልፍ ማንንም አናይም ኖሯል። ዳቦ ጋጋሪው ሳንጠይቀው ዳር ዳሩ የጠነከረውን ዳቦ ለእኔ ያስቀምጥልኛል፣ መድኃኒት ቤቱ ያለችው ልጅ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች፣ አትክልት ሻጯ ሚስትህን ገና ከሩቅ ስታያት "መጣች ቀጭኗ" እያለች ትተርባታለች። ሚስትህ ፊቷ ወዛ፣ መብላት ጀመረች። አንተ መጥተህ ይህንን ብታይ ደስ ይልሃል ብዬ አስቤ ነበር፣ ሞኝ ነኝ።

መጣህ። ያንን እረፍትህን አንተም ታስታውሰዋለህ፣ እኔም አልረሳሁትም። ገና ሻንጣህን ሳታስቀምጥ መኪናው ውስጥ ገብተህ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አየህ። ምሳ ላይ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ "ይህ መኪና አልተነዳም፤ ታዲያ ዳቦው በክንፉ ነው የሚመጣው?" አልካት። በእግሬ ነው አለችህ። የእጇን አንጓ ያዝክ፣ ከመለሰችልህ በኋላም አልለቀቅካትም። አልመታኋትም ትለኛለህ፣ አዎ አልመታሃትም። በማግስቱ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ረጅም እጅጌ ለብሳ ነበር፤ ብርጭቆ ስትቀበለኝ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው።

ከዚያ ጫማዎቿን ሰበሰብክ። ለመሄጃ የሚመቹትን በሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ ከተትክ። ተረከዘ ረጅሙን ብቻ ተውክላት። በመኪና ለሚሄድ ሰው ይኼ ይበቃል አልክ። እኔ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ቆሜ ነበር። ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚናገረው በዚያ ድምፅ ነበር።

ከተመለስክ በኋላ ደውለህ በዚህ ወር መጨረሻ መጥቼ ይዣት እሄዳለሁ አልክ። የሠራተኞቹ ግቢ አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ የሚያስፈልጋት ሁሉ እዚያው ይመጣላታል፣ መውጣት አያስፈልጋትም አልከኝ። ሱቅ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። ሱቅ ምን ያደርግላታል አልክ። እሷ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ "አልሄድም" አለችህ። አንተም ይቅርታ እስክትጠይቂኝ ድምፅሽን መስማት አልፈልግም ብለህ ዘጋህባት። ከዚያን ቀን ወዲህ የምትደውለው ለእኔ ብቻ ነው፣ እሷን የምታያት በነጥቡ ብቻ ነው። ልጄ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ ብዙ አኩርፈሃል፤ ኩርፊያህ ሰው ሲጠቅም ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን የምነግርህን ተደግፈህ አንብበው። እኔ መኪና መንዳት እችላለሁ።

አንድ ጊዜ አስተምረኝ ብዬህ፣ እማ አንቺን ደግሞ ምን ሊያደርግልሽ ብለህ ስቀህብኝ ነበር። እሷ አልሳቀችብኝም። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስተማረችኝ። አንተ መኪናው ዳቦ ቤት ለምን ይህን ያህል ይቆማል ስትለኝ ሰልፍ አለ ያልኩህ ያኔ ነው። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ መልቀቅ እስክለምድ ድረስ መኪናህን እንደ ፍየል አዘለልኩት። አንድ የቆሻሻ በርሜልም ገጭቻለሁ፣ የኋላው ጭረት የእኔ ነው፣ እሷን እንዳትጠይቃት። ለምን እንደምታስተምረኝ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የሄደችበት ጠዋት ይኼውልህ።

ብስክሌት ተገኝቶላት ነበር፤ የማን እንደሆነ አልነግርህም። የያዘችው የዳቦ መያዣ ዘንቢሏን ብቻ ነው፣ ውስጡ ሁለት ቅያሪ ልብስና መቀሷ ነበረ። በር ላይ ቆመን እግሯን አየሁት። ተረከዘ ረጅሙን አድርጋለች፣ በዚያ ፔዳል እንዴት ይረገጣል? የራሴን ጫማ አውልቄ ሰጠኋት። ልኳ ሆነ። ክሩን ስታስር ስልኬ ጮኸ፣ አንተ ነህ። "እማ፣ ዛሬ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። አሟታል?" አልከኝ። ደህና ናት፣ ልትወጣ ነው አልኩህ። "እያየሁ ነው፤ ካልወጣች የአጎቴን ልጅ ልልከው ነው፣ ቅርብ ነው ያለው" አልክ። ሚስትህ ፊት ለፊቴ ቆማ ሁሉንም እየሰማች ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ዘንቢሉን መሬት ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች፣ ልትቀር ማለት ነው። እኔ በእጄ አይሆንም አልኳት። አሁን ወጣች፣ ቁልፉን ይዛ ወጥታለች አልኩህና ዘጋሁት።

ብቻዬን ነድቼ አላውቅም ነበር። በነጠላ ጫማ ገባሁ። ሞተሩ ጠፋብኝ። አስነሳሁት፣ እንደገና ጠፋ። አንተ እዚያ ሆነህ ያንን ነጥብ አፍጥጠህ እያየኸው እንደሆነ ይታየኛል፣ ላብ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። በሦስተኛው ተነሳልኝ። መታጠፊያው ጋ እሷ ወደ ግራ ታጠፈች፣ እኔ ወደ ቀኝ ወደ ዳቦ ቤት መታጠፍ ነበረብኝ። ጥሩንባ እንኳን አልነፋሁላትም፣ ሰው ይዞራል ብዬ። በመስታወት ብቻ አየኋት። ፔዳሉን ቆማ ትረግጥ ነበር፣ ዘንቢሉ ኋላዋ ይዘላል። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ጎማውን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አውጥቼ አቆምኩ። ጋጋሪው ወጥቶ እኔን መሪው ላይ ሲያየኝ ዳቦዬን በመስኮት አቀበለኝ። ቤት ስመለስ ደወልክ። "ዛሬ ቀስ ብላ ነው የነዳችው፣ ጥሩ ነው፣ እንዲህ ትልመድ" አልከኝ። እሺ እነግራታለሁ አልኩህ። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ዳቦ ቤት፣ ወደ መድኃኒት ቤትና ወደ አትክልት ሻጯ ስትመላለስ ያየሃት ቀይ ነጥብ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ የሄድኩትን መንገድ በመኪና ተመላለስኩበት፣ አንተ ቤት ናት እንድትል። በየቀኑ አንድ ሰው ገጭቼ ጉድ አፈላለሁ ብዬ እፈራ ነበር። የአጎትህ ልጅ ድንገት ደጅ ቢያንኳኳ ምን እላለሁ ብዬም እንቅልፍ አጣሁ። እግዜር ይስጠውና አልመጣም።

ትናንት በሰው ስልክ ደወለችልኝ። "እማማ፣ ደርሻለሁ" አለች። ሥራ አግኝታለች፣ የምታድርበትም አላት። የት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም እንዳትነግረኝ ለመንኳት፤ አንተ ፊቴ ቆመህ ስትጠይቀኝ ልቤ እንዳይሸነፍ። ጫማሽን እመልስልሻለሁ አለችኝ። አትመልሺው አልኳት። ያ ጫማ ስንት ዘመን እግሬ ላይ ሲኖር ከመነጽር ሱቅ ወዲያ አልፎ አያውቅም ነበር። እስቲ እሱ እንኳን ይሂድ።

አሁን እንደተናደድክ አውቃለሁ። ወረቀቱን ጨምድደኸው መልሰህ ዘርግተኸው ይሆናል። ልትመጣ ትችላለህ፣ ቤትህ ነው። መንገዱን ሁሉ ብትጠይቅ ግን ማንም የሚነግርህ የለም፣ የሚያውቅም የለም። መነጽርን ሄደህ እንዳታስፈራራት፤ ሆን ብዬ ምንም አልነገርኳትም። የተናደድክ እንደሆነ በእኔ ተናደድ። እኔ እናትህ ስለሆንኩ እችለዋለሁ። ሚስትህ ልታናግርህ ስትፈልግ ራሷ ታናግርሃለች፣ እስከዚያ አትፈልጋት። ይህን የምለምንህ አይደለም፣ የምነግርህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላስታውስህና ላብቃ። አባትህ ዳቦ ሲልከኝ ደጃፉ ላይ እንትፍ ይልና፣ ይኼ ሳይደርቅ ተመለሺ ይለኝ ነበር። ሌላው ሰው ልጁን እንዲያ እያለ የሚልከው ለጨዋታ ነው። አባትህ አይጫወትም ነበር። ብራ የሆነ ቀን እየሮጥኩ ነበር የምመለሰው፣ የአሁኑ ዳቦ ጋጋሪ አባት "ምነው፣ እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ የመጣሽው" እያለ ይስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን ሰልፍ ያዘኝ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ልቤ በአፌ ልትወጣ ደርሳ መታጠፊያው ጋ ስደርስ አንተ ደጃፉ ላይ ቆመሃል። አምስት ዓመት ቢሆንህ ነው። ጀርባህን ለፀሐይ ሰጥተህ፣ ሁለት እጅህን ዘርግተህ፣ ጥላህን እዚያች ምራቅ ላይ ጥለህባት። አባትህ ውስጥ ነበር። ግንባርህ በላብ ርሷል፣ ከንፈርህ ደርቋል፣ ከቦታህ ግን ንቅንቅ አላልክም። "እማ፣ አልደረቀም" አልከኝ በሹክሹክታ።

ያንን ልጅ እወደዋለሁ። እስክሞት እወደዋለሁ። በሬን ሲያንኳኳ ሮጬ ነው የምከፍትለት፣ የሚበላውንም አቀርብለታለሁ፣ ከጎኑም ተቀምጬ አብሬው አለቅሳለሁ። የሚመጣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያናግረኝ ከሆነ ግን አልከፍትለትም። እናቱ ነኝ፣ ግን አልከፍትለትም።

ዛሬ ጠዋት ለራሴ አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ጠፍጣፋና ለስላሳ። መኪናውን ደጅ አቁሜዋለሁ፣ ቁልፉ ጠረጴዛህ ላይ ነው። ከእንግዲህ ነጥቡ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ አታፍጥጥበት፣ ዓይንህን አሳርፈው። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ጀርባህንም ያሽርልህ፣ ልብህንም ወደዚያ ወደ ትንሹ ልጅ ይመልስልህ።

አሁን ፖስታ ቤት ልወርድ ነው፣ ዳቦም አልቋል። በእግሬ ነው የምሄደው። መቼ እንደምመለስ አላውቅም።

እናትህ